ከቬንትሌተሩ ስር

ኑሀሚን የአየር ማራገቢያውን፣ የቬንትሌተሩን ጩኸት ከድምፅ ቅጂው ላይ ስታጠፋው፣ ከስሩ የሟቹ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። ልጃቸው፣ ውርሱን የሚያካፍሉት ሽማግሌዎች «ኑዛዜው አይሰማም» ስላሉት ነበር ታይዋን ገበያ ውስጥ ወዳለችው የድምፅ ማስተካከያ ሱቋ አባቱ የተናዘዙበትን ስልክ ይዞ የመጣው። እህቱ ጥቁር ለብሳ በሩ ላይ ተቀምጣለች። እሱ ግን ከኑሀሚን ጎን ተለጥፎ፣ ሁለተኛ ማዳመጫዋን ላብ ባጠመቀው ጆሮው ላይ ጭኖ፣ የጫት ትንፋሹን ፊቷ ላይ ይለቅባታል።

«ቤቱ ለአንተ» አሉ አባትየው በሁለቱም ማዳመጫ። ቬንትሌተሩ ውጦት የነበረው ቃል ተከተለ። «ለእህትህም፣ እኩል።» ልጅየው ፊቱ እንኳ አልተለወጠም። ጫት ባቆሸሸው ጥፍሩ ስክሪኑ ላይ ያለችውን የመጨረሻዋን ቃል ትንሽ የድምፅ ሞገድ ነካ። «አቦ፣ ይቺም ጫጫታ ናት» አላት በሹክሹክታ። «አጥፊያት።»

ኑሀሚን ምራቋ መረራት። ጥፍሩ ያረፈበትን ቦታ በጨርቅ ደጋግማ ጠረገችው። ከዚያ የማዳመጫዎቹን ገመድ ከኮምፒውተሩ ነቅላ ቅጂውን ከመጀመሪያው አስጀመረችው። የአባትየው ድምፅ በትልቁ ስፒከር እስከ በሩ ሄደ። እህቱ «አባዬ» ብላ ብድግ አለች። ሰውየው ገመዱን መልሶ ለመሰካት በላባም እጁ ቀዳዳውን ይፈልጋል፤ «ለእህትህም» የሚለው ቃል ገና እየመጣ ነበር።