በባርኔጣ የመጣ ባሕር

«ከዚህ ወዲያ ንቅንቅ አልልም» አለ ሳቱርኒኖ። ማዕበሉ አርጥቦት ከተመለሰው አሸዋ አንድ እርምጃ ቀርቶት፣ በተወለወለ ጫማውና በቦሊቪያ ባሕር ኃይል ቆቡ ተገትሯል።

ሚስቱ ባሲሊያ ሳቀችበት። «ዕድሜ ልክህን ሐይቅ ላይ ስትንሳፈፍ ኖረህ ‘መርከበኛ ነኝ’ እያልክ አደረቅከኝ። ይኸው ባሕሩ! ምን ሆንክ?»

«ሰንደቃችን እዚህ እስኪሰቀል ባሕሩ ውስጥ አልገባም ብዬ ምያለሁ።»

ቅድመ አያቶቻቸው በጦርነት በቺሊ የተነጠቁት ባሕር ነው። ዛሬ ጠዋት እንኳ የሁለቱ አገር መሪዎች በሬዲዮ ሲመላለሱ ነበር። የቦሊቪያው «እኛ የባሕር ልጆች ነን፤ የታሰረውን ማስፈታት አደራችን ነው» አለ። የቺሊው «እኛ የውል ዘበኞች ነን፤ አንድ ጭብጥ አሸዋ አንሰጥም» ሲል መለሰ። አምባሳደር መለዋወጥ ካቆሙ ዘመናት አልፈዋል።

«አምባሳደር የለም ይላሉ» አለ አኒባል። ቺሊያዊ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ትናንት ልጁን ከነሳቱርኒኖ የልጅ ልጅ ጋር ድሯል። «ታዲያ እኔ ቤት የገባችው ሙሽራ ምንድን ናት? ይግቡ እንጂ አቶ ሳቱርኒኖ፤ ለፕሬዚዳንታችን አላሳብቅም።»

«የሰረቃችሁትን ውሃ ትጋብዙኛላችሁ?»

«ኧረ እኔ የምሰርቀው ዓሣ ብቻ ነው!»

ባሲሊያ ግን ባሏ ደረቱን ሲያሻሽ ታየዋለች። «ይህ የመጨረሻ ረጅም መንገዱ ይሁን» ብሎ ሐኪሙ የነገረው ለእሷ ብቻ ነው። አውቶቡሳቸው ከምሳ በፊት ይነሣል።

ድርብርብ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። ውሃው እንደ ጥጃ ምላስ ጉልበቷን ላሰው። ካፊያ ሲጥል እንኳ ፌስታል የምታለብሰውን ጥቁር ድቡልቡል ባርኔጣዋን አወለቀች፤ ገልብጣም ቀዳችበት።

እያንጠባጠበባት፣ እንደ ሕፃን አቅፋው ተመለሰች።

«አንቺ! ባርኔጣሽ!»

«ተቀመጥ።»

«ባሲሊያ…»

«ተቀመጥ አልኩህ፤ እየፈሰሰብኝ ነው!»

ተቀመጠ። ተንበርክካ የጫማውን ማሰሪያ ፈታች፤ ካልሲውን ገፈፈች። «አልገባም ነው ያልከው። ማን ግባ አለህ? ከሩቅ መንገድ የመጣ ሰው ግን እግሩን ይታጠባል።»

አኒባል ቆቡን አውልቆ ፊቱን ወደ ጀልባዎቹ አዞረ።

ከባርኔጣው አፈሰሰችለት። በጣቶቹ መሐል፣ በተሰነጠቀው ተረከዙ ላይ፣ በእጇ እያሸች። ሳቱርኒኖ ትንፋሹን ሳብ አደረገ።

«ያቃጥላል» አለ፣ እንደ ልጅ ቀስ ብሎ።

«ጨው ነዋ፤ መርከበኛ ተብዬ!»

አልሳቀም። የተረፈው ውሃ ከእግሩ ሥር ወረደ፤ በደረቁ አሸዋ ላይ ቀጭን መንገድ ቀደደ፤ እሱ አላልፍም ያለውን ወሰን አልፎ ቁልቁል ሄደ። ከእርጥቡ አሸዋ ጋር እስኪገናኝ ድረስ በዓይኑ ሸኘው።