የእስስቷ ሌላኛው ዓይን

ረሺዳ ቀይ ቡና ልትለቅም የዘረጋችው እጇ አየር ላይ ቀረ። ቅርንጫፉን ጨብጣ የተቀመጠችው እስስት በአንድ ዓይኗ እሷን፣ በሌላው ከኋላዋ ያለውን መሬት ታይ ነበር። ኮሌጅ የምትማረው ልጇ ሩፈይዳ «እማ፣ እስስት እኮ ሁለቱን ዓይኗን ለየብቻ ነው የምታዞረው» ስትላት ስቃባት ነበር።

ከጀርባዋ ደረቅ ቅጠል ኮሽ አለ።

«ሩፈይዳ፣ ማሎ፣ ከኋላ መጥተሽ አታስደንግጪኝ!» አለች ሳትዞር።

«አቤት እማ! እዚህ ታች ወንዙ ጋ ነኝ እኮ» የሚል ድምፅ ከፊት ለፊቷ፣ ከሩቅ መጣ።

ረሺዳ «ቢስሚላህ» ልትል ብትሞክር ከንፈሯ አልታዘዝ አላት። የእስስቷ አንዱ ዓይን ከረሺዳ ፊት ላይ አልተነቀለም። ሌላው ግን ከመሬቱ ተነስቶ፣ ብድግ የሚል ነገር እንደሚከተል ሁሉ፣ ቀስ እያለ ወጣ፤ በወገቧ፣ በትከሻዋ በኩል አልፎ ከራሷ በላይ ቆመ።