ወርኃዊው ትራፋልጋር

«እትዬ ማንአልሞሽ፣ ሴትዮዋ ፓርክ እያደረገች ነው! ይሄ ባንዲራ ደግሞ ምንድን ነው?»

ማንአልሞሽ ወንበር ላይ ቆማ የባንዲራውን የመጨረሻ ጫፍ መስኮቱ ላይ በፕላስተር ትለጥፍ ነበር። ጀምራ መተው አትወድም። «የእንግሊዝ ነዋ» አለች። «የሚስተር ሃርግሪቭ በዓል ነው።»

«ኦኬ፣ ይሁን» አለች ኖላዊት። «ግን ልጅየዋ አባቷ ያሉበትን ሁኔታ ልታይ ነው የመጣችው። ካልወደደችው ዛሬውኑ ይዛቸው ወደምትኖርበት ወደ ኤቨረት ነው፤ በስልክ ነግራኛለች።»

ኖላዊት ፌደራል ዌይ ከተማ ውስጥ ሁለት የአረጋውያን ቤቶች አሏት፤ እዚህኛው ብቅ የምትለው ነገር ሲበላሽ ብቻ ነው። ተንከባካቢዋ ማንአልሞሽ ግን ከሽማግሌው ጋር ውላ ታድራለች። ኤቨረት ሲባል ፕላስተሩን አጥብቃ ተጫነችው።

ሚስተር ሃርግሪቭ በሴፕቴምበር መጨረሻ ሲመጡ ምግብ አልቀምስ፣ ሰው አላናግር ብለው ግድግዳ የሚያዩ የዘጠና አንድ ዓመት አዛውንት ነበሩ። ልጃቸው ፍራንሲስ ያኔ ደውላ አንድ መላ ነገረቻት፤ የአገራቸውን የታሪክ ቀኖች ይወዳሉ። ኦክቶበር አሥራ አራት ሄስቲንግስ፣ ከፈረንሳይ ተሻግሮ የመጣ ጦር ያሸነፋቸው። ሃያ አንድ ትራፋልጋር፣ በባሕር ላይ ድል ያደረጉበት። ሃያ አምስት አጂንኮርት፣ የፈረንሳዮቹን ብድር የመለሱበት። ማንአልሞሽ በቃሏ ያዘች። ሄስቲንግስ ሐዘን ነውና ሾርባ ብቻ ሠራች፤ ተሸንፎ የሚደግስ ሕዝብ ማየቷ ቢያስገርማትም። ለትራፋልጋር ግን ሥጋ ጠበሰች። ሽማግሌው ሳህኑን ጠርገው በሉና ጨመሩ።

ኦክቶበር ሲያልቅ በዓሉም አብሮ ያልቃል ብሎ የነገራት የለም። ሚካኤል በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ ገብርኤል በየወሩ በአሥራ ዘጠኝ እየታሰበ ላደገች ሰው፣ ታላቅ ቀን በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ አሥራ አንድ ወር ይሰወራል የሚል ሐሳብ ከየት ይመጣላታል? ደግሞስ የትራፋልጋሩ አዛዥ አንድ እጁን ሰጥቷል፣ አንድ ዓይኑን ሰጥቷል፣ በድሉ ቀን ነፍሱን ሰጥቷል። ይሄ ሰማዕት ካልተባለ ማን ሊባል ነው?

በሩ ተከፈተ። ፍራንሲስ የዝናብ ካፖርቷ እየተንጠባጠበ ገባች። ባንዲራውን አየች። አባቷን አየች፤ ወርቃማ ቁልፍ ያለው ሰማያዊ ኮታቸውን ለብሰው፣ ናፕኪን አንገታቸው ላይ አስረው፣ የተጠበሰ ሥጋ በሰናፍጭ እያጠቀሱ።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?»

«ትራፋልጋር» አለች ማንአልሞሽ ከወንበሩ እየወረደች። «እንኳን አደረሰሽ!»

«ትራፋልጋር እኮ ኦክቶበር ነው! ዛሬ ኖቬምበር ሃያ አንድ ነው!»

«የኦክቶበሩ ንግሡ ነው። ይሄኛው ወርኃዊው ነው።»

ኖላዊት ይህን ወደ እንግሊዝኛ ልትመልሰው አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ኮሌጅ ያላስተማራት ነገር ነበር።

የፍራንሲስ ፊት ቀላ። «አባቴ የሚረሳ ሰው ነው። ወሩን ታምታቱበታላችሁ? ለማን ደስታ?» ከዚያ ከሽማግሌው አጠገብ በርከክ ብላ ድምፅዋን አለዘበች። «አባዬ፣ አሁን ያለንበት ወር ማን ይባላል?»

ማንአልሞሽ ዓይኗን ሽማግሌው አፍ ላይ ተከለች። ኦክቶበር ካሉ አለቀ፤ ሻንጣቸውን የምታስረው ራሷ ናት። አሳብዳቸው እንደሆነስ? ዕለቱ ለእሷ ኅዳር ሚካኤል ነበርና በሆዷ «ንግሥህ ነው፣ ዛሬ አታሳፍረኝ» አለችው።

ሚስተር ሃርግሪቭ እያኘኩ ነበር። እንግሊዝ ደግሞ አፉ ሞልቶ አይናገርም። አኘኩ። ዋጡ። አፋቸውን በናፕኪኑ ጠረጉ።

«ኖቬምበር» አሉ። «ምነው፣ ጠፋብሽ እንዴ?»

«ታዲያ ትራፋልጋሩ?»

«መጀመሪያ ተሳስታለች ብዬ ልነግራት ነበር። ባለፈው ሳምንት ነው፤ ሾርባ ይዛ መጥታ ‹ሄስቲንግስ ነው፣ አይዞዎት› አለችኝ።» ሽማግሌው ሹካቸውን አስቀመጡ። «ከዚያ አሰብኩት። በዘጠና አንድ ዓመቴ ለሚመጣው ኦክቶበር ማን ዋስ ይሆነኛል? በየወሩ ከሆነ ግን እደርሳለሁ።»

ፍራንሲስ ተነሣች። ካፖርቷን አውልቃ ወንበር ሳበች። ማንአልሞሽ ሳህን አመጣችላት። ሰናፍጩ ሲያስለቅሳት አባቷ «ከእኛ አገሩ ይብሳል» ብለው በኩራት ሣቁ፤ እሷም ዓይኗን እየጠረገች ሣቀች። ሰናፍጩ ብቻ እንዳልሆነ ያየ አየ።

ሲጨርሱ ማንአልሞሽ በሽማግሌው ባለ ጆሮ ኩባያ ብርዝ ሞላች። እንደ እንግሊዞቹ ደንብ የሚችል ቆሞ፣ የማይችል ተቀምጦ፣ በዝምታ ለሞተው አዛዥ እየተቀባበሉ ጠጡ። ኩባያው ፍራንሲስ ዘንድ ሲደርስ ማንአልሞሽ አጨበጨበች።

«በይ፣ የዲሴምበሩ ተረኛ አንቺ ነሽ!»

«እትዬ፣ ፕሊስ!» አለች ኖላዊት በአማርኛ። «ሴትዮዋ ምኑን ታውቀዋለች?»

«ከጽዋው ቀምሳ የለ? ማኅበርተኛ ናት። ደጋሹ እሷ፣ እንግዶቹ እኛ። ጽዋውን ተረኛ ይዞ ነው የሚሄደው፣ ንገሪያት።»

ኖላዊት ነገረቻት። ፍራንሲስ አባቷን አየች።

«ሕጉ ነው» አሉ ሚስተር ሃርግሪቭ፣ ሕጉን ከሰሙት ደቂቃ ያልሞላቸው። «ኤቨረት በሃያ አንድ እንመጣለን፣ በልተን እንመለሳለን። ሥጋው እንዳይደርቅ ብቻ።»

ማንአልሞሽ ሳህኖቹን እያነሣች በመስኮቱ አየቻት። ፍራንሲስ ዝናቡ ውስጥ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ መኪናዋ አጠገብ ትንሽ ቆመች። ከሹፌሩ ጎን ያለው ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ በሩን ዘጋች። መልሳ ከፈተችና ቀበቶውን ስባ አሰረችለት።