ሁለቴ የተንኳኳው በር

ኤላዲዮ የሟች አባቱን አሮጌ መኪና ኮፈኖ ከፍቶ ሞተሩ ላይ ካጎነበሰ ሦስት ሰዓት አልፎታል። በሲየንፉጎስ ከተማ አምቡላንስ ቢለመን ነዳጅ የለውም፤ የስድስት ዓመቷ ልጁ ያኔሊስ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ትንፋሿ እያፏጨ ነው። መኪናዋ አባቱ ኒካኖር መሪዋ ላይ እንዳሉ ካረፉ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተነስታ አታውቅም።

«ኦዳሊስ፣ ገብተሽ ተቀመጪና ስልሽ አስነሺው» አላት ሚስቱን ቀና ሳይል። በመሪው በኩል ያለው በር ሲዘጋ ሰማ። ከጠርሙስ ትንሽ ቤንዚን ካርቡራተሩ ውስጥ ጠብ አደረገ።

«የካሪዳዷ እመቤታችን፣ ዛሬን ብቻ» ብሎ ጸለየ። «በይ አሁን፣ ኦዳሊስ።»

በሩ ከውስጥ ሁለቴ ተንኳኳ።

ይሄ የኒካኖር ሕግ ነበር፤ መሪው ላይ ያለው ሰው ቁልፍ ከማዞሩ በፊት ሁለቴ ያንኳኳል፣ ሞተሩ ጋ ያለው እጁን ከማራገቢያው እንዲያርቅ። ኤላዲዮ እጁን ሰበሰበ። ሞተሩ እንደ አዛውንት ሳል ሳል አለና ተነሳ።

«ተባረኪ የኔ እናት። ማንኳኳቱን ደግሞ ማን ነገረሽ?» አለ፣ እያለቀሰ ኮፈኖውን ሲዘጋ።

ኦዳሊስ ልጅቷን ታቅፋ ገና ከቤት እየወጣች ነበር። ቁልፉ ጣቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ማነው ያስነሳው?» አለች። «ቁልፉን እኮ አሁን ነው ከመሳቢያ ያገኘሁት።»

መሪው ላይ ማንም የለም። የያኔሊስ ከንፈር ጠቁሯል።

የውጭ እጀታው ከተሰበረ ወዲህ ከውስጥ ካልሆነ የማይከፈተው የኋላ በር፣ ቀስ ብሎ ተከፈተላቸው።