ከአባቷ ቤት የመጣው ሰዓት

አርመናዊቷ አራክሲ ከአገሯ ስትሰደድ ከአባቷ ቤት ይዛ የወጣችው አንድ የናስ ሰዓት ብቻ ነበር። ለዓመታት ቆሞ የኖረውን ሰዓት የቀራንዮ ሰፈሩ ሰዓት ሠሪ ጉታ ነፍስ ዘርቶበት ሱቁ ውስጥ አስታቀፋት።

ድምፁን ሰምታ ሳትጠግብ በሩ በእርግጫ ተበረገደና አንድ የጣሊያን ወታደር ገባ። «አርበኞቹን የት ደበቅሃቸው?» እያለ ጉታን በሰደፍ ይቀጠቅጠው ጀመር። ጉታ መሬት ላይ ተዘርሮም ዱላው አልቆመም፤ የጎድን አጥንቱ ሲሰበር አራክሲ ሰማች።

ሰዓቱን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ባለ በሌለ ኃይሏ የወታደሩ ማጅራት ላይ አሳረፈችው። ወታደሩ በአፍጢሙ ተደፋ፤ የሰዓቱም ሆድ ዕቃ ደሙ ላይ ተዘረገፈ።

«ማዳም፣ የአባትዎ ሰዓት!» አለ ጉታ እያቃሰተ።

«አባቴንም አገሬ ላይ ወታደሮች እንዲህ ቀጥቅጠው ሲገድሉት ቆሜ ነው ያየሁት» አለችና ብብቱን ይዛ አነሳችው። «ተነስ፣ በጓሮ እንውጣ!»