ቢሮ የሚረፍድበት ሰው

ማዕረግ ከረባቱን አስሮ፣ የቢሮ ቦርሳውን ይዞ መቃብር ቦታ ሲደርስ፣ ወንዶቹ ዶማና አካፋ እየተከፋፈሉ ነበር።

«ጓድ ኢንጂነር፣ ዶማህን ቦርሳው ውስጥ ነው የያዝከው?» አለው ሐሰን። ሁሉም ሳቁ። ሟቿ እትዬ አሲያም ቢሰሙ ይስቁ ነበር።

የሰፈሩ ቅሬ፣ ያው እድሩ፣ ክርስቲያኑንም እስላሙንም አንድ ላይ ያቀባብራል፤ ሕጉም ቀላል ነው። ሰው ሲሞት ወንድ ሁሉ ይቆፍራል። ደሞዝተኛ ግን ቢሮ ይረፍድበታልና ሁለት ብር ሰጥቶ ይሄዳል። ማዕረግ ከሶቭየት አገር ተምሮ ከተመለሰ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ከፋይ ነበር።

አሁን ሥራ የለውም። በውጫሌ መንገድ ካለው የመስኖ ጣቢያ፣ ስብሰባ ላይ ጥያቄ አብዝቶ ከተባረረ ሃያ ሁለት ቀኑ ነው። እናቱ አልሰማችም። በየማለዳው ከረባቱን አስሮ ይወጣል፤ ሲመሽ ይመለሳል። ኪሱ ያለችው አምስት ብር የመጨረሻዋ ናት። ዛሬ ዱቄት ካልተገዛባት ቤት ውስጥ የሚጋገር የለም።

ዶማዎቹን አየ። አገር ጥሎ ሲሄድ እትዬ አሲያ ለመንገዱ ጭኮ ቋጥረውለታል። ሊቆፍርላቸው ይወድ ነበር። ግን ዶማ ያነሳ እንደሆነ፣ «ዛሬ ቢሮ የለህም እንዴ?» መባሉ አይቀርም። ከበላይ ደግሞ፣ ለቅሶው ቤት ደጃፍ፣ እናቱ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ወደዚህ ታያለች።

ወደ ቅሬው ዳኛ ሄዶ ብሯን ዘረጋ። «እንኩ፣ አያ ኑርዬ።»

«አላህ ይስጥህ፣ ልጄ። ወላሂ መልስ ግን የለኝም። ትንሽ ብትቆይ ከአንዱ እንዘረዝረው ነበር።»

መቆየት ይችል ነበር። አፉ ግን ቀደመው። «ይቅር፣ ለለቅሶው ቤት ይሁን።»

አያ ኑርዬ ብሯን ወደ ላይ አንስተው ለሰው ሁሉ አሳዩ። «እዩልኝማ! የተማረ ማለት እንዲህ ነው! አላህ ወንበርህን ያጽናልህ!»

«አሚን!» አለ ወንዱም ሴቱም። እናቱ ነጠላዋን አስተካክላ ቀና ብላ ተቀመጠች።

ጉድጓዱ አንድ ሰው ጎድሎት ስለነበር፣ ስልሳ ያለፋቸው አቶ አያሌው ጋቢያቸውን ቁጥቋጦ ላይ ጥለው፣ እያሳሉ ወረዱ። ማዕረግ ፊቱን አዞረ። ቀስ ብሎ ሊሄድ ሲል፣ አያ ኑርዬ መንገዱ መሀል ገብተው አንድ የጭነት መኪና አስቆሙ።

«ሹፌር! ይኼ ልጅ የመንግሥት ሥራ ይረፍድበታል፣ ውሰድልን! እኛን ሲረዳ ነው የዘገየው።»

«ግድ የለም፣ በእግሬ...»

«ኧረ ግባ! በእግር ይደረሳል?» ሐሰን በሩን ከፈተለት፤ ቦርሳውንም አቀበለው።

መኪናው ኮረብታውን ዞረ። ቆፋሪዎቹም ለቅሶው ቤትም ተሰወሩ።

«እዚህ ጋ ወራጅ አለ» አለ ማዕረግ።

ሹፌሩ ሜዳውን አየ፤ ከሜዳው ማዶ ያለውን ሐይቅ አየ፤ ከዚያ ከረባቱን። «እዚህ? ምን አለና?»

«ሥራ... ውኃውን እለካለሁ።»

«ይኼን ታህል ለመሄድ ነው ያን ሽማግሌ መንገድ ላይ ያስገተርክብኝ? እግርህን ምን ነካው!» ፍሬን ያዘ። ማዕረግ ሳያመሰግን ወረደ።

ገና አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ቢሮ የሚዘጋው አሥራ አንድ ተኩል። ከዚያ በፊት መንገድ ላይ መታየት የለበትም። ከመንገዱ ዳር ሣር ውስጥ ገባ። አውቶቡስ ሲመጣ ሰማና ከነከረባቱ በደረቱ ተኛ፤ ጉንጩን መሬት ላይ አሳረፈ።

አውቶቡሱ አለፈ። እሱ ግን አልተነሣም። ከኮረብታው ወዲያ ዶማው መሬቱን ሲመታ፣ በጆሮው ሥር ይሰማዋል።