መብራቱ ወንድይራድ ላይ ይሁን

ሸዋንግዛው ያን ቅዳሜ ምሳም አልበላም። መቱ ላይ ፊልም የሚያሳይበት አንድ አዳራሽ ነበረው። ዘውደነሽን ከጎሬ አምጥቼ አዘፍናለሁ ብሎ ለሹማምንቱ ሳይቀር ቃል የገባው እሱ ነው።

ዘውደነሽ ዘፈን እርግፍ አድርጋ ትታ ብዙ ዘመን ጎሬ ተቀምጣ ነበር። ካቻምና አዲስ አበባ ወሰዷትና ስለ አንድ ዘማች ሚስት በተሠራ ፊልም ላይ አዘፈኗት። ፊልሙ ቢረሳም ዘፈኑ አልተረሳም። ሸክላው ያልገባበት ሱቅ አልነበረም። አምና ክረምት ግን ጋምቤላ ወርዳ ወባ ጣላት። ኪኒን ስትውጥ ከረመች። ከዚያ ወዲህ ስትዘፍን የሰማት ሰው የለም።

"ኦቦ ሸዋንግዛው፣" አለው ቡና ነጋዴው ደበሳ ትኬቱን እያገላበጠ፣ "ያ ሁሉ የኪኒን ምሬት ጉሮሮዋን ዘግቶታል አሉ። ሸክላ ልታሰማን ከሆነ እኔ ሱቅ በነፃ አለ እኮ!"

ሸዋንግዛው ሳቀ።

ዘውደነሽ ከጎሬው አውቶቡስ ወረደች። ፊቷን ድካም በልቶታል። ማሲንቆ መቺዋ ወንድይራድ ትልቅ የቆርቆሮ ሣጥን ተሸክሞ ይከተላታል።

"እትዬ ዘውደነሽ፣ እንኳን ደህና መጡ!" አላት ሸዋንግዛው ከኋላዋ።

ዞር ብላም አላየችው። ኩራት ነው ብሎ ዋጥ አደረገው። ቀድሟት ፊት ለፊቷ ቆመና ደገመ። አፉን አፉን እያየች ትንሽ ቆየች።

"እንኳን ደህና ቆዩ።"

"ልምምድ አያደርጉም?"

"ደክሞኛል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ የመድረኩን አምፖል ከኔ ላይ አንሱት። መብራቱ ወንድይራድ ላይ ይሁን።"

"ሕዝቡ የሚመጣው እርስዎን ሊያይ እኮ ነው።"

"ሊሰማኝ ነው እንጂ።"

አዳራሹ ሲደርሱ ሸዋንግዛው ሣጥኑን ሊያግዝ እጁን ሰደደ። ወንድይራድ ግን ቀደመውና ከመጋረጃው ኋላ አስገባው።

"አይልፉ፣ ልብስ ነው።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ዛሬ መቱ ከተቀበላት አዲስ አበባ መልሰው ይወስዷታል። ካልተቀበላት በቃ፤ ሁለተኛ መድረክ አትወጣም" አለው።

አዳራሹ ሞላ። ከአጎራባቾቹ ከኖፓና ከኡካ ሳይቀር ሰው መጣ። ዘውደነሽ ለሕዝቡ ጎኗን ሰጥታ፣ ዓይኗን ወንድይራድ እጅ ላይ ተክላ ጀመረች። ድምፁ ያው የሸክላው ድምፅ ነበር፤ ቅንጣት አልጎደለውም።

"አፏን እንዳናይ እኮ ነው የዞረችው!" አለ ደበሳ። "ሸክላው ያ ሣጥን ውስጥ ነው!"

ሳቁ ከወንበር ወንበር ተዛመተ። ሸዋንግዛው ወደ ፊተኛው ረድፍ አየ። የአውራጃው ገዢ እዚያ ተቀምጠዋል። ነገ ነገሩ ቢወጣ አታላዩ እሱ ነው፤ አዳራሹም ይዘጋል። አሁኑኑ ራሱ ካጋለጣት ግን እሱም ከተታለሉት አንዱ ይሆናል።

በጓሮ በር ወጣ። የመብራቱ ሞተር አጠገብ ጥቂት አመነታ፤ እሱ ከቆመ ሸክላውም ይቆማል። ከዚያ አጠፋው።

አዳራሹ ጨለመ። ማሲንቆው ቀጠለ። የዘውደነሽ ድምፅ ግን ቃል አጋማሽ ላይ ተቆረጠ።

"አላልኳችሁም!" ደበሳ ጮኸ።

"አታላይ! ውረጂ!" ፉጨቱ ቀለጠ። ወንበር ተገለበጠ።

"መብራት!" እያለ ወንድይራድ ይለምን ጀመር። "ስለ እግዜር፣ መብራት አምጡላት!"

"ሸክላው እንዲዞርላት ነዋ!" አሉና ሳቁበት።

ሸዋንግዛው ፋኖስ አብርቶ ከመጋረጃው ኋላ ገባ። ሣጥኑን ከፈተ። ቀሚስ። ከቀሚሱ ሥር ሌላ ቀሚስ። እጁን እስከ ታች ሰደደ፤ ሌላ ምንም የለም።

መጋረጃውን ገለጠ። ሰዉ ገና ይጮሃል። ዘውደነሽ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ጨለማው ውስጥ ፈገግ ብላ ለሕዝቡ እጅ ትነሳለች። ከዚያ የወንድይራድን ክንድ በዳሰሳ ፈልጋ ያዘች።

"ምን ይላሉ፣ ወንድይራድ? ከንፈራቸው አልታይ አለኝ።"